አንድ ራይት ብቻ

«ፊትሽን ታጠቢ» አለቻት እናቷ። «ከመኪና ወርዷል። ሊፍት እየጠበቀ ነው።»

ሚስኪ ታጠበች። ዓይኗ አሁንም ቀይ ነው።

«አለርጂ ነው በይው» አለች እናቷ ዓሪፋ በሩ ላይ ቆማ። የእሷም ዓይን ያው ነው።

«ሁለታችንም በአንድ ቀን?»

«ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ሚያዝያ ነው። አለርጂ የሌለበት ማን አለ?»

ትናንት ጠዋት ከደሴ ተደውሎ ነበር። የዓሪፋ ታላቅ ወንድም አብዱልባሲጥ አርብ ማታ ሞተ። ልቡ ነው አሉ። ዘመድ ሊጠይቅ ከለንደን ከሄደ ገና አስር ቀኑ ነበር። እዚያው ቀበሩት። አሁን ሊፍቱ ውስጥ ያለው ልጁ ሱሃይብ ነው። አያውቅም።

ቀኑን ሙሉ ስልክ ሲጮህ ዋለ። በመጨረሻ ተወሰነ። የሱሃይብ እናት ሸፊቃ ረቡዕ ማታ ከለንደን ትገባለች። ሐሙስ ከሱብሂ በኋላ የመስጊዱ ሽማግሌ ጋሽ ሽኩር ሌሎች ሽማግሌዎችን ይዘው፣ እሷንም ይዘው፣ እዚሁ አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ ያረፈበት ሆቴል ድረስ ሄደው ያረዱታል። መርዶ በስልክ አይነገርም። ብቻውን ላለ ሰውም አይነገርም። ከለንደን የመጣበትን ፊልምም እስከዚያ ይጨርሳል። እስከዚያ አባቱን ከጠየቀ ደሴ ኔትወርክ የለም ይባላል፣ በቃ።

«ግን እዚህ ብቻውን አይደለም» አለች ሚስኪ። «እኛ አለን። ፌር አይደለም ማሚ።»

«ልጅ ነሽ፣ አይገባሽም።»

«ሐሙስ ሲያውቅስ? እሁድ ዕለት እያወቅኩ አብሬው ስስቅ እንደነበር ሲያውቅስ?»

በሩ ተንኳኳ።

ሱሃይብ አስራ ሰባት ዓመቱ ነው። ለንደን ተወልዶ ለንደን ያደገ፣ የእንግሊዝ ፊልም ተዋናይ። ባቡር ውስጥ ሰው ፎቶ ይለምነዋል። የጀመረው ግን በበግነት ነው። ዘጠኝ ዓመቱ እያለ በትምህርት ቤት ድራማ ሦስተኛው በግ ሆነ። በጉ የሚናገረው ነገር የለውም። ሱሃይብ ከመድረክ አባቱን ሲያይ ግን ሳቁ አመለጠው፣ አዳራሹም አብሮት ሳቀ። አንዲት ለፊልም ልጆች የምትመርጥ ሴት የራሷን ልጅ ልታይ መጥታ ነበር። በሳምንቱ ደወለች። መጀመሪያ የብስኩት ማስታወቂያ ሠራ። ከዚያ አንድ ፊልም ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረ። በአስራ አራት ዓመቱ ዋናው ልጅ ሆኖ ተሸለመ።

አባቱ የለንደን አውቶብስ ሹፌር ነበር። ሺፍቱን እየቀያየረ ኦዲሽን ሁሉ ያደረሰው እሱ ነው። ውጭ ቆሞ ይጠብቀዋል። ሱሃይብ ሲወጣ «ወሰዱህ?» ብሎ አያውቅም። «በላህ?» ነው የሚለው።

ሚስኪም ሥራ ነበራት። ሱሃይብ ለኦዲሽን ራሱን ሲቀርጽ የሌላውን ሰው ቃል በቪዲዮ ኮል የምታነብለት እሷ ናት፣ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ። አንዱም ፊልም ላይ የለችም። ሁሉም ግን በእሷ ድምፅ ነው የተጀመሩት።

«ሚስኪዬ!» ሱሃይብ ጫማውን እያወለቀ ገባ። «ዓይንሽ ምን ሆነ?»

«አለርጂ።»

«አክስቴም?»

«ሚያዝያ ነው» አለች ዓሪፋ። አቀፈችው። ትንሽ ቆየችበት። ከዚያ ምግብ ላሙቅ ብላ ኪችን ገባች።

ሚስኪ ክፍል ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ሱሃይብ ወረቀቶቹን ዘረጋ። ረቡዕ የመጨረሻው ቀረጻ ነው፤ በፊልሙ እራት ላይ እህቱ የሆነ ነገር ትናገራለች፣ እሱ ይስቃል። በቃ።

«ትናንት ሞክረነው ነበር። ስምንት ጊዜ» አለ። «ዳይሬክተሯ ‹አፍህ ነው የሚስቀው› አለችኝ። እስኪ አንብቢልኝ።»

አነበበች። እንደገና አነበበች።

«ሚስኪ፣ ዛሬ ምን ሆነሻል? ጂፒኤስ መሰልሽ እኮ። ‹ወደ ቀኝ ታጠፍ› ልትዪኝ ነው?»

ልትስቅ ሞከረች። አልመጣም።

«ቆይ፣ መድኃኒቱ አለኝ።» ስልኩን አወጣ። «ሰኞ የላከልኝ ነው።»

የአብዱልባሲጥ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ከኋላው ዶሮ ይጮሃል።

«አንተ በግ! የአጎትህን ልጆች ፊልምህን አሳየኋቸው። ‹ፀጉሩን የማያበጥረው ነው እንዴ ዝነኛው?› አይሉኝም? ወላሂ አፈርኩብህ! እኔማ የጎረቤት ልጅ ነው አልኳቸው። ... በላህ?»

ሱሃይብ ወደ ኋላ ተንጋሎ ሳቀ። አፉ ብቻ አይደለም፣ ትከሻው፣ ሆዱ፣ ሁሉ ነገሩ ሳቀ። ረቡዕ የሚፈልጉት ይሄንን ነው።

ኪችን ውስጥ ሳህን ወደቀ። ከዚያ ቧንቧ ተከፈተ። ዓሪፋ ስታለቅስ ውሃ ትከፍታለች፤ ከትናንት ጀምሮ ሚስኪ ያንን ድምፅ ለምዳዋለች።

«ከአርብ ወዲህ ግን አይደርሰውም» አለ ሱሃይብ ዓይኑን እየጠረገ። «አምስት ልኬለታለሁ። ይኸው፣ አንድ ራይት ብቻ። ሁለተኛው አልመጣም።»

«ኔትወርክ ነው አሉ።»

«እናቴም ‹ኔትወርክ ነው አሉ› አለችኝ። ልክ እንዳንቺ።» አያት። ሥራው ፊት ማየት ነው። «አንቺ መቼም ተዋናይ አትሆኚም፣ ታውቂያለሽ?»

ፈገግ ብሎ ነበር። ፈገግታው ግን ቶሎ ጠፋ። ሊጠይቃት አፉን ከፈተ፣ ተወው። ጎንበስ ብሎ የስልኩን ማይክ ተጫነ።

«አባ፣ ሚስኪ ጋ ነኝ። ልበላ ነው። ኔትወርክ ሲመጣ ደውልልኝ እሺ? ረቡዕ እጨርሳለሁ። ቆይ፣ ሚስኪ ሰላም ትልሃለች።»

ጣቱን ሳያነሳ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋላት። «ሰላም በይው።»

አስራ አንድ ሰከንድ። አስራ ሁለት።

ቀላል ነው። ሰላም አጎቴ፣ ደህና ነህ ወይ። ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። ሐሙስ ግን ሱሃይብ ይሄን መልሶ ይሰማዋል። ቀኑን ያያል። ሚስኪ መሞቱን እያወቀች ደህና ነህ ወይ ስትለው ይሰማል። ከዚያ በኋላ ምን ብታነብለት ያምናታል?

አስራ ስድስት። አስራ ሰባት።

«በይ እንጂ!»

እጇን ጣቱ ላይ አሳረፈች። ቀስ ብላ ወደ ግራ ሳበችው። መልእክቱ ሳይላክ ጠፋ።

«ምን አደረግሽ?»

ሱሃይብ ስልኩን አየ፣ እሷን አየ። ሚስኪ ወረቀቶቹን ሰብስባ አልጋው ሥር አስገባቻቸው። ተጠግታው ተቀመጠች፣ ትከሻዋ ትከሻውን እስኪነካ። እጁን ያዘች።

«ሚስኪ» አለ። ድምፁ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ድምፅ ሆነ። «ኔትወርክ ነው አይደል?»

«ማሚ» ብላ ተጣራች፣ እጁን ሳትለቅ። «ውሃውን ዝጊውና ነይ።»

ቧንቧው ተዘጋ።