መስታወቱ የዋጠው ፊት

በሐይቁ ላይ በተንሳፈፈው ሰፈር አሮጌ መስታወት የሚጥል ሰው የለም። ቢሰበር እንኳ ስባሪው በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ መስታወት ያየውን ሁሉ ይውጣላ! የዋጠውን የሚያወጣው መሣሪያ «ብርሃን ቀጂ» ይባላል። መዳፍ የምታህል ሳጥን ናት፤ መስታወቱ ላይ ትለጠፍና የዓመታቱን ብርሃን እንደ ጉድጓድ ውሃ ትቀዳለች። ችግሩ የሚቀዳው አንዴ ብቻ መሆኑ ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ስለዚህ ደንቡ ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ የተቀዳውን ለመስታወቱ ባለቤት በቅጂ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ለራስ።

ኤፍራታ ይህን ደንብ አሳምራ ታውቃለች። የዲጂታል ምስል ጥበብ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት፤ እንዴት አታውቅ! ጎረቤቷ እትዬ ዘርፌ የቁምሳጥናቸውን መስታወት አስነቅለው፣ እንደ ሕፃን አቅፈው የመጡት እሷን አምነው ነበር።

«ይትባረኬ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው» አሉ። «የከተማው የምስል ቋት ሲቃጠል የልጄ ፎቶ ሁሉ አብሮ ጠፋ። ሙት ዓመቱ ላይ ደረቴ ላይ ይዤ የማለቅስበት አንድ ምስል እንኳ የለኝም። ግን ጠዋት ጠዋት እዚህ ፊት ቆሞ ነበር ጠጉሩን የሚያበጥረው። አንዲት ፊቱን ብቻ አውጪልኝ፣ የኔ እናት።»

«እኔ እያለሁልዎት! ምንም አያስቡ፣ እትዬ።»

ያን ሳምንት ግን የመመረቂያ ዐውደ ርእይዋ ደርሶባት ነበር። ሥራዋ ከመቶ መስታወቶች በተቀዳ ብርሃን የሚንቀሳቀስ ግድግዳ ነው፤ መሃሉ አልሞላ ብሎ እንቅልፍ ነስቷታል። የጎደለው የጠዋት ብርሃን ነበር። «እስቲ ትንሽ ላቅምሰው» ብላ የእትዬ ዘርፌን መስታወት በብርሃን ቀጂዋ ከግድግዳው ጋር አገናኘች። የሳጥኗ ቅጂ ማስቀመጫ አለመብራቱን አላየችም? እውነቱን እንናገር፣ አይታለች። ለማብራት ግን ከግድግዳው ብርሃን ጋር የጀመረውን ድብልቅ ማቋረጥ ነበረባት፤ ብርሃኑ ደግሞ እንዲያ ሲያምር እጇ እንቢ አላት። በአራት ደቂቃ መስታወቱ ባዶ ሆነ። ይትባረክ ከሺህ ፊቶች ጋር ተበጥብጦ ወርቃማ ጭጋግ ሆኖ ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ ለይቶ የሚያወጣው ማሽን የለም።

ሥራዋ አንደኛ ወጣ። አዳራሹ ሲያጨበጭብ እሷ ባዶውን መስታወት በጨርቅ ትጠቀልል ነበር።

የባሰው ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነው። «አጠፋሁት» ማለት ከበዳት። ሰፈሩ የገባችው ልጁ ከሞተ በኋላ ስለሆነ አይታውም አታውቅ። የእናቱን ፊት ለማሽን ሰጥታ፣ ጎረቤት ስለ እሱ የሚያወራውን ጨማምራ፣ የአንድ ጎረምሳ ፊት ሠራች። በወፍራም ወረቀት አትማ ሰጠቻቸው። እትዬ ዘርፌ ወደ ብርሃን አስጠግተው አዩት፤ ከዚያ ደጋግመው ሳሙት። በሙት ዓመቱ ፎቶውን ደረታቸው ላይ ይዘው «ልጄ! ልጄ!» ሲሉ ለቀስተኛው ሁሉ አነባ፤ «ቁርጥ እሱን!» ያሉም ነበሩ። ኤፍራታ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጣለች። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

በሳምንቱ፣ ያበጠው ይፈንዳ ብላ ሄደች። እትዬ ዘርፌ ፎቶው ሥር ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው የመጣሁት።»

«እኔም ልነግርሽ ነበር። አይ እርጅና፣ ጉድ አያልቅበት! ይትባረኬ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው ይመስለኝ ነበር። በልጅነቱ ከጀልባ መውረጃው ላይ ወድቆ፣ ደሙን በገዛ እጄ ጠርጌለት… ብትጠይቂኝ እምል ነበር። ፎቶው ላይ ግን የለም! ለካ በሕልሜ ኖሯል። አሁንማ ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ ይኸው ፎቶው ነው።» ሳቅ አሉ። «መቼስ ፎቶ አይዋሽ።»

ኤፍራታ ክው አለች። መስታወቱን ባዶ ማስቀረቷ ሳያንስ፣ አሁን የእናቱንም ልብ እየቀዳችው ነበር።

«ይዋሻል፣ እትዬ» አለች፤ እንባዋ ቀደማት። «ጠባሳው ነበረ። ልክ እርስዎ ነዎት። ይሄን ፊት የፈጠርኩት እኔ ነኝ። የልጅዎን ለሥራዬ ብዬ አጠፋሁት።»

እትዬ ዘርፌ አልጮሁም። አልረገሟትም፤ ቢረግሟት ይሻላት ነበር። ሰፌዱን አስቀመጡ፤ ፎቶውን በፊቱ ደፉትና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ኤፍራታ ይቅርታ ልትል ስትል በእጃቸው አስቆሟት።

«ዝም በይ። እየፈለግሁት ነው።»

ጣታቸው ባዶው አየር ላይ ቀስ ብሎ አንድ ቅንድብ ሊስል ሞከረ። ሳተው። እንደገና ከግንባሩ ጀመሩ። ኤፍራታ አጠገባቸው ተንበርክካ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ነገር ለመቅዳት ሳታስብ፣ ያን ጣት እያየች አብራ ጠበቀች።