ነጎድጓድ ቤት ስትውል

«ዛሬስ? ጠየቁ?»

ልጅቷ ገና አንድ ጫማዋን ብቻ ነበር ያወለቀችው። ቦርሳዋም ከትከሻዋ አልወረደም። እናቷ ከስፌት መኪናው ጀርባ አንገቷን አስግጋ፣ ከሹክሹክታ ትንሽ ከፍ ባለች ሻካራ ድምፅ ጥያቄዋን ደገመችው።

«ጠየቁ» አለች ልጅቷ።

«እነማን?»

«ሁሉም። ‹ቲቸር መቼ ነው የምትመጣው?› ይላሉ። አዲሱ ሰውዬ እንደሆነ… ያው ነው።»

«አሁንም አይገባቸውም?»

«ምን ይገባቸዋል! ሲያስረዳ ለራሱም የሚሰማው አይመስለኝም።»

እናትየው «ወይ ልጆቼን» ብላ ራሷን ነቀነቀች። አዝናለች። ግን ቀኑን ሙሉ ፈዞ የዋለው ዐይኗ ቦግ ሲል ልጅቷ አየች። ሁለተኛውን ጫማዋን አውልቃ፣ ከእግሯ ይልቅ ሌላ ቦታ የደከማት ይመስል፣ እዚያው በሩ ሥር ቁጭ አለች።

እናቷ የሒሳብ አስተማሪ ናት። ተማሪዎቹ ያወጡላት ስም «ነጎድጓድ» ነው። ከሦስተኛ ፎቅ ላይ «ዝም!» ስትል ታች ሜዳው ላይ ኳስ የሚያንከባልሉት ሳይቀሩ ቀጥ ይላሉ። በዚያ ድምፅ ስንቱን ትውልድ ማባዛትና ማካፈል አስተምራለች። በኋላ ድምፁ ይሰነጣጠቅ ጀመር። «ጉንፋን ነው» አለች። ጉንፋኑ ወራት ቆየ። አንድ ቀን ሰሌዳው ፊት ቆማ፣ እጇን ዘርግታ፣ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። ተማሪዎቹ የምትቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

«የድምፅ አውታሮችዎ ላይ እባጭ ወጥቷል» አላት ሐኪሙ። «የትምህርት ዘመኑ እስኪያልቅ ቤትዎ ይቀመጡ፤ ካረፉ ይድናል። ክፍል ገብተው ከጮኹ ግን ጨርሶ ሊሄድ ይችላል። ያኔ እኔን አይውቀሱኝ።»

መጀመሪያ ሰሞን ደስ ያላት መሰለች። «ጊዜ ሳገኝ» እያለች ስታስቀምጥ የኖረችውን የስፌት መኪና አቧራውን ጠርጋ አወጣችው። የሳሎኑን መጋረጃ ሰፋች። ግራው ከቀኙ ረዘመ። ግራውን ስትቆርጥ ቀኙ ረዘመ። ስታስተካክል ስታስተካክል መጋረጃው ከመስኮቱ ወገብ ላይ ቀረ። አውቶቡስ ነጂ የሆነው አባት ማታ ሲገባ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ምነው፣ ቤታችን ቁምጣ ለበሰ?» ሲል ሦስቱም ሳቁ፤ እሷም ድምፅ ሳይወጣት ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

ከዚያ በኋላ እንዲያ አልሳቀችም። በቆርቆሮ ቲማቲም ተከለችና ቆርቆሮዎቹን በረድፍ በረድፍ አሰለፈቻቸው። ጎበጥ ያለውን ችግኝ እንደ ሰነፍ ተማሪ ፊት ለፊት አስቀመጠችው። ውሃ አበዛችባቸውና አብዛኞቹ በሰበሱ። የትራስ ልብስ ሰፍታ ፈታች፤ ፈትታ ሰፋች። ቤቱ ከረፋዱ በፊት ተጠርጎ፣ ተወልውሎ፣ ታጥቦ ያልቃል። የቀረው ቀን እንደ ጎማ ይለጠጣል። የምትጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጇ ከትምህርት ቤት ወሬ ይዛ እንድትመጣ።

ልጅቷ ቀጭን ስለሆነች ጓደኞቿ «ጭራሮ» ይሏታል። የምትማረው እዚያው እናቷ ታስተምርበት በነበረው ክፍል ነው። መጀመሪያ ሳምንት አልዋሸችም፤ ልጆቹ እውነትም ይጠይቁ ነበር። እየቆየ የሚጠይቁት ሦስት አራት ሆኑ። አንድ ቀን ማንም ሳይጠይቅ ዋለ። ቤት ስትገባ እናቷ «ዛሬስ?» አለቻት። ጭራሮ ያንን ፊት አየችና «ጠየቁ» የሚለው ቃል በራሱ ከአፏ ወጣ። ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የሷ ግን እያደር ይከብዳት ጀመር።

ይበልጥ የከበዳት ደግሞ አዲሱን አስተማሪ መውደዷ ነበር። ገና ልጅ እግር ነው፤ ድምፁም ለስላሳ። በመጀመሪያው ቀን ክፍሉ ሲንጫጫ አልጮኸም። የልብስ መስቀያ በገመድ አንጠለጠለና ግራና ቀኙ ላይ ሁለት ፌስታል አሰረ። አንዱ ውስጥ ብርቱካን ቆጥሮ፣ ሌላው ውስጥ ስንት እንደሆነ ሳያሳይ ከተተ። መስቀያው ሚዛኑን ጠብቆ ቆመ። «በዚህኛው ስንት ብርቱካን አለ?» አለ ቀስ ብሎ። የኋላዎቹ ስላልሰሙ የፊተኞቹን «ዝም በሉ እስቲ!» አሏቸው። ተማሪ ተማሪን ዝም ሲያሰኝ ጭራሮ ያን ቀን አየች። በእናቷ ዐይን ሥር አንድም ቀን እጇን አውጥታ የማታውቀው እሷ ራሷ፣ እኩልታ ማለት ሚዛን መሆኑ ገብቷት እጇን አወጣች።

«ዛሬ ሜዳው ጋ ትንሽ እንቆይ» ትላታለች የወንበር ጓደኛዋ። ወሬ ስለማታቆም «ሬዲዮ» ነው የምትባለው።

«አልችልም። እናቴ ትጠብቀኛለች።»

«በየቀኑ? ቆይ አንቺ፣ ልጅ ነሽ ወይስ ዜና አንባቢ?»

ጭራሮ ትስቅና መንገድ ትጀምራለች። እቤት እስክትደርስ የዛሬውን ዜና ታዘጋጃለች፤ ማን አለቀሰ ልበል፣ ማን ወደቀ ልበል፣ ሰውዬው ምን ተሳሳተ ልበል።

ሐሙስ ከሰዓት ቤት ስትገባ የስፌት መኪናው ተሸፍኗል። እናቷ ነጩን የማስተማሪያ ጋውኗን እየተኮሰች ነው።

«ሰኞ እገባለሁ» አለች፤ የፊቷ ወዝ ተመልሷል። «ለዳይሬክተሩ በጽሑፍ ልኬለታለሁ።»

«ሐኪሙስ?»

«ሐኪሙ ያየው ጉሮሮዬን ነው፤ ልጆቼን አላየም። አንቺ አይደለሽ በየቀኑ የምትነግሪኝ? እነሱ እየሰመጡ እኔ እዚህ መጋረጃ ልቅደድ?»

 ማታ ጭራሮ አባቷን ማድ ቤት ጠብቃ፣ «አባዬ፣ ከልክላት እንጂ» አለችው። አባቷ ከመሪው ጋር ሲታገል የዋለ ክንዱን እያሸ ግድግዳውን ተደገፈ።

«እናትሽን እያወቅሻት። ለምኛታለሁ፣ ተቆጥቻለሁም። ልጆቹ ባይጠይቋት ኖሮ ትቀመጥ ነበር። ‹ይፈልጉኛል› ያለን ሰው ምን ብለሽ ታስቀሪዋለሽ?»

ይህን ያላት መዋሸቷን ሳያውቅ ነው። እሷ ግን የታጠበውን ብርጭቆ እንደገና ታጥበው ጀመር።

ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ገዝታ ስትመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የሚተነፍስ ጎማ የመሰለ ድምፅ ሰማች። ቆመች። ድምፁ ተደገመ። ያኔ ቃሉን ለየችው፤ «ዝም በሉ!» ነው። እናቷ ጋውኗን ለብሳ፣ ወደ ባዶዎቹ ወንበሮች ዞራ እየተለማመደች ነበር። ሦስተኛውን ስትሞክር ድምፁ መሃል ላይ ተቆረጠና ሳል ያዛት። አንገቷን በእጇ ይዛ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ዐይኗ እንባ እስኪሞላ ሳለች። ቀና ስትል ልጇን አየቻትና ለመሳቅ ሞከረች።

«እየመጣ ነው» አለች፤ ቃሉ አልወጣም፤ ጭራሮ ከከንፈሯ ነው ያነበበችው። «ትንሽ ልምምድ ነው።»

ጭራሮ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እማ፣ አይጠይቁም።»

«እ?»

«ልጆቹ። መጀመሪያ ሳምንት ይጠይቁ ነበር። ከዚያ በኋላ እኔ ነኝ የምፈጥረው።» ዳቦውን ከጠረጴዛው ጫፍ ገፋ አደረገችው። «አዲሱ ቲቸር ጎበዝ ነው። ይገባቸዋል። እኔም… እኔም ገብቶኛል።»

እናትየው ቀስ ብላ አንደኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ለምን?» አለች።

«ፊትሽ… ስነግርሽ ፊትሽ ይበራል።»

«ከዚያ ወዲህ አንድም ልጅ አልጠየቀም?»

ጭራሮ አንድ ስም ፈለገች። አንድ ልጅ ብታገኝ፣ አንድ ብቻ፣ ብትሰጣት ወደደች። «የለም» አለች።

እናትየው ጋውኗን አወለቀች። አንዱ እጅጌ ክርኗ ላይ ያዛትና ልጇ ልታግዛት ስትጠጋ በእጇ ምልክት አስቆመቻት። ወደ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ቀኑን ሙሉ ምግብ አልቀመሰችም። አባት ከሥራ ሲገባ ጭራሮ ሁሉንም ነገረችው። «ለምን ዋሸሽ?» አላላትም፤ «ደግ አደረግሽ»ም አላላትም። እጁን ራሷ ላይ አሳርፎ ትንሽ ቆየና ሾርባ ሊያሞቅ ገባ።

እሑድ ከሰዓት የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። እናትየው ዐይኗ አብጧል፤ ፀጉሯን ግን አበጥራለች። ስልኳን ለልጇ ሰጠቻት። የዳይሬክተሩ ቁጥር ነው፤ እየጠራ ነው።

«አንቺ ተናገሪልኝ» አለች።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አለች ጭራሮ። ቀና ብላ እናቷን አየች። እናቷ «በይ» በሚል ራሷን ነቀነቀች። «እናቴ ነገ አትመጣም። እስክትድን ቤት ትቆያለች።»

«እንኳንም!» አለ ዳይሬክተሩ። ሲናገር ስልክ የሚያስፈልገው ሰው አይደለም፤ ክፍሉ በሙሉ ይሰማዋል። «ምን ብዬ እንደምመልስላት ጨንቆኝ ነበር። እግዜር ይማርሽ በያት። ተተኪውም ደህና እየሠራ ነው፤ አታስቢ በያት።»

እናትየው ዐይኗን ጨፈነች። ከዚያ የልጇን እጅጌ ሳብ አድርጋ ጆሮዋ ሥር ተናገረች። ጭራሮ ቃል በቃል አስተላለፈች፤ «ለአዲሱ ቲቸር ይንገሩልኝ ትላለች፤ ኋላ በመስኮቱ በኩል የሚቀመጡት ‹ገባን› ሲሉ እንዳያምናቸው። ራሳቸውን የሚነቀንቁት አልገባቸውም ማለት ነው።»

ዳይሬክተሩ ከት ብሎ ሳቀ። «ነጎድጓድ እቤቷ ሆናም ታስተምራለች!» አለና ቅጽል ስሟ ከአፉ እንዳመለጠው ሲገባው፣ «ማለቴ… እሺ፣ እነግረዋለሁ» ብሎ ዘጋ።

እናትና ልጅ ስልኩን መሃላቸው አስቀምጠው ተቀመጡ። ሁለቱም ረጅም መንገድ የተጓዙ ይመስል ደክሟቸዋል። ውጭ ልጆች ሲጫወቱ ይሰማል።

«ነገ ከትምህርት ቤት በቀጥታ አትምጪ» አለች እናትየው። «ከጓደኛሽ ጋር ቆዪ። በየቀኑ እየሮጡ መምጣት ይሰለቻል።»

ጭራሮ «ኧረ አይሰለቸኝም፣ ደስ ይለኛል» ልትል አፏን ከፈተች። እናቷ እያየቻት ነው። አፏን መልሳ ዘጋች።

«እሺ» አለች። «ትንሽ እቆያለሁ።»