እናቴ ከሞተች በኋላ የተሰፋው ዙር

እኔ በጥላ፣ በመንፈስ፣ በምናምን የማምን ሰው አይደለሁም፤ ደብረ ማርቆስ ሃያ ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ ሴት ነኝ፣ ተማሪ እንዲህ ያለ ወሬ ሲያመጣ "ሂድ ወዲያ!" ብዬ ነው የማባርረው። ይህን ግን ያየሁት በጠራራ ፀሐይ ነው፣ እመኑኝ።

ደምበጫ አጠገብ ትኖር የነበረችው እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፣ በቤታችን የሆነውን ሁሉ ግን በአንድ ትልቅ ስፌት ላይ በቀለም ሳር ትሰፋው ነበር፤ ልደቱን በአንድ ቀለም፣ ሞቱን በሌላ፣ ከመንገድ የተመለሰውን በሌላ፣ ዙር በዙር። ወንድሜ አንዳርጌ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርዶ ድምፁ የጠፋ ጊዜ ስፌቱን ይዛ እኔ ዘንድ መጣችና "ነይ ይኼን ማንበብ ላሳይሽ፣ እኔ ብሞት የእሱን ነገር ማን ያውቃል?" አለችኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነበር፣ አፌም አያርፍም፣ "እማ፣ ይኼ እኮ ጌጥ እንጂ ጽሑፍ አይደለም" አልኳት። "እኔ መች መጻፍ አቃተኝ? አንቺ ማንበብ አቃተሽ እንጂ" ብላ በነጠላዋ ሸፍና ወሰደችው። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ሞተች። አርባዋ በወጣ ማግስት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከአንዳርጌ ሚስት ከጥሩዬ ጋር የእናቴ ደጅ ተቀምጠን ሳለ ከጓዳ ጠቅ… ሽርር… ጠቅ… ሽርር የሚል ሰማን፣ ወስፌ ስፌቱን ሲወጋና ሳሩ ሲሳብ ያለው ድምፅ ነው፣ እሱን እየሰማ ያደገ ሰው አይስተውም። "አይጥ ነው" አልኩ። አይጥ ግን ሳሩን ውኃ ውስጥ የሚነክር ይመስል አረፍ እያለ ይሠራል እንዴ? ወይ ጉድ! ገባን። ማንም የለም፣ ስፌቱ ጫፍ ላይ ግን አንድ ሐምራዊ ዙር ተጨምሯል፣ ሳሩ ገና እርጥብ ነው።

ጥሩዬ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። "እትዬ፣ የእሱ ነው! አንቺ የተማርሽ፣ ምን ይላል? ጥቁር ልልበስ ወይስ ልጠብቀው?"

ሐምራዊው የሞት ነው የመመለስ? የቀድሞዎቹን ዙሮች እንዳላመሳክር የቤቱ ጭስ ሁሉንም አጥቁሯቸዋል። አፈርኩ፣ እውነቴን ነው፣ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

"ይመጣል ይላል" አልኳት።

በዚህ ቃሌ ተማምና ሊያገባት ሽማግሌ የላከውን ደህና ሰው መለሰችው፣ ይኸው ሁለት ዓመት ሆናት። ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ።

"እትዬ፣ ሌላ ዙር ተጨምሯል። መጥተሽ አንብቢልኝ።"

እመጣለሁ አልኳት። አልሄድኩም።