ይከፈል ያለችው በረኛ

በሕዋሳር ምድር የዘንዶው ወንዝ ደረቀ! በጠራራ ፀሐይ! ሽማግሌዎቹ «ትንቢቱ ደረሰ፤ በቃኝ የማያውቅ ግንብ ተነሳ!» ብለው ራሳቸውን ያዙ። የአሥራ አምስት ዓመቷ በረኛ ሚላት ግን መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። የምን ትንቢት? የሷ ጥፋት ነው እንጂ!

በሕዋሳር ግንቦች ሕይወት አላቸው፤ ይበላሉ፣ ይሄዳሉ፣ ያድጋሉ። የአኗኗራቸው ትእዛዝ የተጻፈበትን፣ ሆዳቸው ውስጥ ያለውን ጥቅልል ገልብጠው ለሁለት ይከፈላሉ። መጀመሪያ ግን ቅጂው በሚላት በር ይነበባል፤ ቃል ካልጎደለ «ይከፈል!» ትላለች። ያን ቀን ግን ጭፈራ ነበራ! ከበሮው ሲመታ እግሯ አላስችል አላት። ቅጂውን ሳትገልጥ «ይከፈል፣ ይከፈል!» ብላ በረረች።

የጎደለችው አንዲት ቃል ናት፦ «በቃ»። ያለሷ ማቆም የማያውቀው ያ ግንብ በሩን ሳይጠብቅ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት እየሆነ ወንዙን ጨለጠው።

ጥቅልል ጠጋኙ ጎንጥ ሰይፉን ታጥቆ «ማነው ያሳለፈው?» ሲል ፊቷ በርበሬ መሰለ።

«እኔ ነኝ። ሳላነብ።»

«ጉድ! እኔ ደግሞ ስትጨፍሪ ሳጨበጭብልሽ ነበር! በይ ተነሺ፤ አፍሮ ከመቀመጥ አፍሮ መሄድ ይሻላል።»

ወላጅ አልባዋን ሚላትን ያሳደገቻት አሮጊቷ ግንብ ዳርሲ ሁለቱን አዝላ ሦስት ቀን ተጓዘች። ከዚያ ግንብ ዘንድ ደረሱ። ጎንጥ በሰይፉ ቢመታው፣ የተመታው ግንብ ሁለት ሆነ! ሰይፉም ተሰበረ።

«ልጄ» አለች ዳርሲ፣ «የጎደለችው ቃል እኔ ጋ አለች። ከጥቅልሌ ቅደጂና ስጪው።»

«ጥቅልልሽ ከተቀደደ ትፈርሻለሽ እኮ፣ እምዬ!»

«መፍረስም ተጽፎልኛል። ብቻ አደራ፣ አንብበሽ።»

ሚላት እያለቀሰች መስመር በመስመር አነበበች። «በቃ» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይከፈል» አለች። መስዋዕትም ይከፈላል ለካ።

ቃሏን ቀድዳ በክፉው ግንብ ጥቅልል ላይ ለጠፈቻት። ግንቡ ጸጥ አለ። ከእሱ የተከፈሉት ልጆቹም ቃሏ እየደረሰቻቸው አንድ በአንድ፣ ማንንም ሳይጎዱ፣ እንደ ጨርቅ ተጣጠፉ። ወንዙ ተመለሰ። ከዳርሲ የቀረው የድንጋይ ክምር ነው፤ እሱንም ጎረቤት ግንቦች ለግድግዳቸው ተካፈሉት።

ሕዝቡ «ጀግናችን!» እያለ ሲዘልል ሚላት ቀና ማለት አቃታት። «ሳላነብ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ» አለች፣ ሁሉም እየሰማ። 

በማግስቱ ከበሮ እየተመታ አንድ ጎረምሳ ግንብ በሯ ላይ ቆመ።

«ቶሎ በይ እንጂ፣ ጭፈራው ሊያልፈን ነው!»

«ቁም» አለችው። ቅጂውን ገልጣ፣ ጣቷን የመጀመሪያው ፊደል ላይ አሳርፋ ማንበብ ጀመረች።