ለአፍታ የኖረ

«ታዲያ ቲቸር፣ በዐይናቸው አይተውት የማያውቁትን ኤለመንት ነው አገኘን የሚሉት?» አለ ሳሚ ከኋላ ወንበር። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

የኬሚስትሪ መምህሩ ቶማ አልተቆጣም። በማዳበሪያ ጆንያ ላይ በቀለም የሣለውን የኤለመንቶች ሠንጠረዥ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል። የመጨረሻዋን ሳጥን በጣቱ ነካ።

«መቶ አሥራ ስምንት። ተፈጥሮ ላይ የለም፤ ካልሲየምን ከካሊፎርኒየም ጋር አጋጭተው ነው የሠሩት። ያውም ጥቂት አቶም ብቻ። ዐይናችሁን እስክትጨፍኑ እንኳ አይቆይም፣ ይፈርሳል። መኖሩን ያወቁት ሲፈርስ ከተወው ምልክት ነው።»

ጊዜያዊ ስሙን በነጭ ቀለም ሸፍኖ ዓምና የወጣለትን ጻፈበት፦ ኦጋኔሰን።

«ለዚህ ብለው ስም አወጡ? አይ ፈረንጅ!» አለ ሳሚ፤ ክፍሉ እንደገና ሳቀ።

እየሩስ ብቻ አልሳቀችም። አዲሱን ስም ደብተሯ ላይ ገለበጠች።

ወንድሟ ማክሰኞ ጠዋት ተወልዶ ቀትር ሳይሆን ሞተ። ለጨቅላ ድንኳን አይተከልም፤ አባቷና ጎረቤቶች ወስደው ቀበሩት፣ አለቀ። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች መጥተው ጸለዩ። «እግዚአብሔር ይተካልሽ። ስም እንኳ ሳይወጣለት መሄዱ ይሻላል» አሏት እናቷን። እናቷ አላለቀሰችም። ጡቷ ግን ወተቱን አላቆመም፤ ቀሚሷ ደረቷ ላይ እየረጠበ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። ይህን ማየት እየሩስን ከለቅሶ በላይ ከበዳት። ስም እንድታወጣለት የተፈቀደው ለእየሩስ ነበር፤ መርጣም ነበር። አሁን ለማን ትንገረው?

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከበራቸው እልልታ ሰማች። አክስቷ አሳየሽ ከቦዲቲ መጥታለች፤ ቅቤ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ፣ የገንፎ ዱቄት ተሸክማ። መወለዱን ሰው ነግሯታል፤ መሞቱን ግን ማንም አልደወለላትም። ስም ለሌለው ልጅ መርዶ ማን ይልካል!

«እየሩስዬ! እሰይ፣ እንኳን ደስ አለሽ! ወንድ ነው አሉኝ። ማን አላችሁት?»

እናቷ ከውስጥ ሰምታለች፤ አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ። «ስም አልወጣለትም ነበር» ማለት ቀላል ነው። አክስቷም እንደ ሌሎቹ «ይተካል» ብላ ታልፈዋለች። እየሩስ ቅቤውን ተቀበለቻት።

«ሚልክያስ» አለች፣ እናቷ እንድትሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ሚልክያስ ነበር፣ አክስቴ። ማክሰኞ ሞተብን።»

አሳየሽ ዱቄቱን ጥላ እጆቿን ራሷ ላይ ጫነች። «ወይኔ! ወይኔ ሚልክያስ!» ብላ እሪ አለች። ከውስጥም የእናቷ ድምፅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ሚልክያስ፣ ልጄ!» እያለ ተከተላት።