ሁለት ጢም፣ አራት ጢም

«እንግዲህ የማንኛችሁን ልመን?» አሉ መምህር ዳኘው፣ የሁለቱን ልጆች ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘርግተው።

ያምሮት ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች። ጓደኛዋ ሠርክአዲስም አቀርቅራለች። የሳይንስ ክበቡ ልጆች በሙሉ ከበው ያያሉ። ከላህ ወንዝ ያጠመዷቸው ሃያ አራት ዓሣዎች፣ ጣት እንኳ የማያክሉ፣ እንዳይበሰብሱ በሁለት ጠርሙስ አረቄ ተዘፍዝፈዋል። ለፍኖተ ሰላም ተማሪ ሌላ መድኃኒት ከየት ይመጣል? አረቄ ግን አይጠፋም።

ዓሣዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ሲያዩዋቸው ግን መንታ ነው የሚመስሉት። አንደኛው ዓይነት አፉ ዳር ሁለት ጢም አለው፣ ሌላኛው አራት። ጢሟም ከክር የቀጠነች ስለሆነች በመርፌ እያነሱ በአጉሊ መነጽር ካላዩዋት አትገኝም። መምህሩ ገና ወንዙ ዳር ሳሉ «ቀለም እንዳታምኑ፣ ጢም ቁጠሩ» ብለው ነበር። ያምሮት ግን «የሃያ አራት ዓሣ አፍ ሳይ ልዋል እንዴ» አለችና ክንፈ ቀዩን ወዲህ፣ ክንፈ ነጩን ወዲያ አድርጋ በአምስት ደቂቃ ተገላገለች። ወረቀቷ ላይ ደግሞ «ጢም ተቆጥሯል» ብላ ጻፈች። ድፍረቷ!

በሳምንቱ አረቄው ቀለማቸውን አጥቦ ሁሉንም አንድ አደረጋቸው። ሠርክአዲስ ለማረጋገጥ ብትቆጥር ሰባቱ ያለ ጠርሙሳቸው ገብተው አገኘችና ይህንኑ በወረቀቷ ጻፈች።

«ያምሮት ተሳስታ አታውቅም፤ አንቺ ግን ትቸኩያለሽ ሠርክአዲስ» አሉ መምህር ዳኘው። «ባሕር ዳር ለሳይንስ ኤግዚቢሽን ሄዶ ሥራችንን የሚያሳየው አንድ ሰው ነው። ቅዳሜ ያምሮት ትሂድ።»

ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ። «እሺ ቲቸር» አለች ሠርክአዲስ፣ ወረቀቷን እያጠፈች። ያምሮት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሷ ግን እያደር ከበዳት።

ሌሎቹ ሲወጡ ሠርክአዲስ መነጽሩን ይዛ መጣች።

«በናትሽ አሳዪኝ፣ እንዴት ነው የምትቆጥሪው? እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ምሳ ሳልበላ ነው የቆጠርኩት።»

«ተይው በቃ፣ አታካብጂው።»

«አንዱን ብቻ።»

ያምሮት እምቢ ማለት አቃታት። ከባለ ሁለት ጢሞቹ ጠርሙስ አንዱን አውጥታ አፉን በመርፌ ገለጥ አደረገች። በዚህኛው በኩል ሁለት፣ በዚያኛውም ሁለት። መርፌውን አስቀመጠች።

«ስንት ነው?»

«አራት።»

«ከባለ ሁለቱ እኮ ነው ያወጣሽው።»

«አውቃለሁ። አንዱንም አልቆጠርኩም ሠርኬ። በቀለም ነው የለየሁት።»

ሠርክአዲስ መነጽሩን ከእጇ ቀስ ብላ ወሰደች። ቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር። «እና እዚያ ቆመሽ ሲሰድቡኝ ሰማሽ» አለችና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ያምሮት ወረቀቷን ይዛ ወደ መምህራን ክፍል ሄደች። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጡ ሙሉ ሰው ነው፤ የሂሳብ መምህሯ አሉበት፣ የክበቡ ልጆችም ፈተና ሊቀበሉ ተሰልፈዋል። መምህር ዳኘው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል።

ብቻቸውን እስኪሆኑ ልጠብቅ አለች በልቧ። ግድግዳውን ተደግፋ ትንሽ ቆመች። ሠርክአዲስ ግን የተዋረደችው ሰው ሁሉ ፊት ነበር።

በሩን ገፍታ ገባች።