ብሎኑን ማን ፈታው?

ማሽላ መጀመሪያ ያያት ቀን ሳቀባት። በኋላ ትዝ ባለው ቁጥር የሚያፍርበት ይህንን ነው።

ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። የጋራዡ ሰዎች ቆርቆሮው ስር ተጠልለው መንገድ መንገዱን ያያሉ። አንዲት ያረጀች ፒክአፕ ቁልቁለቱን እየተንፏቀቀች መጣች። ሁለቱም መስኮቶቿ ክፍት ናቸው። የዝናብ መጥረጊያዎቿ ላይ ገመድ ታስሯል፤ ገመዱ በአንዱ መስኮት ገብቶ በሌላው ይወጣል። ሹፌሯ በአንድ እጇ መሪውን ይዛ በሌላው ገመዱን ወዲህና ወዲያ ትጎትታለች። በጎተተች ቁጥር መጥረጊያዎቹ እያቃሰቱ መስታወቱን ጠረግ ያደርጉታል። በዚያ ዝናብ የተደሰቱት ከኋላ የተጫኑት ችግኞች ብቻ ነበሩ።

ማሽላ ሳቁ አመለጠው።

ሴትየዋ በሩን በርግዳ ወረደች። አንድ ጎኗ በስብሶ ውሃ ይንጠባጠባል።

«ምን ያስገለፍጥሃል? ዝናብ የመታው ሰው አይተህ አታውቅም?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እህቴ... እኔ አልሳቅኩም፣ ፊቴ ነው።»

«ፊትህን ታዲያ ማን አዞት ሳቀ?»

አሁን ጋራዡ በሙሉ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር ልጁ አልዋሸም። ማሽላ እያረረ ይስቃል ይባል የለ? ይሄ የጋራዡ ኤሌክትሪሺያን ሲናደድም፣ ሲደነግጥም፣ ሲያዝንም ጥርሱ አይከደንም። ስሙን ያወጡለት ጓደኞቹ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስለት ጠፋ።

እሷ ደግሞ ችግኝ አፍልታ፣ በፒክአፑ ጭና፣ በየደንበኛው ደጅ የምታደርስ ሴት ናት። ባለችግኟ ይሏታል። ችግኝ የሚሸጠው ዝናብ ሲጥል ነው። ዝናብ ሲጥል የማትሠራ መኪና ይዞ ችግኝ መሸጥ ደግሞ አበሳ ነው።

ማሽላ ኮፈኑን ከፈተ። ከትንሿ ሞተር ወደ መጥረጊያዎቹ የሚያደርሰው ብረት ተበልቶ ወልቋል። ከወዳደቀ መኪና ላይ ደህናውን ፈቶ አመጣ፣ ግራሶ ቀባው፣ ያረጁትን የመጥረጊያ ጎማዎች ቀየረ፣ የመጥረጊያዎቹን ክንዶች በብሎን ጥርቅም አድርጎ አሰረ።

«በሉ፣ አስነሱት።»

መጥረጊያዎቹ ተነሱ። ወዲህ... ወዲያ... መስታወቱ ወለል አለ። ባለችግኟ እንደ ሕፃን አጨበጨበች።

«ገመዱን እንግዲህ ለልብስ ማስጫ ያድርጉት» አላት።

«እህቴ አልከኝ፣ ቀጥለህ ደግሞ አያትህ አደረግከኝ። አንቺ በለኝ እንጂ!»

«እሺ... አንቺ።»

ይቺን ብቻ ለማለት ጉሮሮው ደረቀ። በዚያ ሁሉ ዝናብ!

ብዙም ሳይቆይ ተመልሳ መጣች። ሞተሩ ይሽከረከራል፣ መጥረጊያዎቹ ግን ንቅንቅ አይሉም። ማሽላ ቢያይ ክንዶቹ የታሰሩበት ብሎን ላልቷል። አፈረ። እጁ ብረት ከነካ ጀምሮ እንዲህ ያለ የተበላሸ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። አጥብቆ አስሮ ሸኛት። ደግሞ መጣች!

የተጣመመ ቆርቆሮ የሚያቃናው ባትላሜራ መዶሻውን አስቀምጦ ለከፈው። «ወይ ማሽላ! ብሎኑ ይላላል፣ አንተ ትታሰራለህ!»

እውነቱን ነው። እሱ ሲሠራ እሷ አጠገቡ ቆማ ብሎኖቹን በመዳፏ ትይዝለታለች። ወሬያቸው ከመኪና ይነሳል፣ የት እንደሚደርስ ግን ሁለቱም አያውቁም። በዕረፍት ቀኑ ችግኝ ጣቢያዋ መሄድ ጀመረ።

«አንገቱን አትያዘው፣ ታንቀዋለህ። ከሥሩ ደግፈው» ትለዋለች።

«እጄ ብረት ለምዶብኝ ነው።»

«ቀስ እያለ ይለምዳል። እጅህ ክፉ አይደለም።»

አንድ ቀን ደመና ከሩቅ ሲያጉረመርም ቀና ብላ ፈገግ አለች።

«ድሮ ይሄን ድምፅ ስሰማ ሆዴ ይባባ ነበር። ዘንድሮ ደስ ይለኛል።»

«ለምን?»

«መጥረጊያው ይበላሻላ! አንተ ጋ እመጣለሁ።»

ማሽላ የያዘው ችግኝ ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። እንደዚያን ቀን ዝናብ ወድዶ አያውቅም።

ብሎኑ እንደገና ሲላላ እሱ ራሱ ቤቷ ድረስ ሄደ። ግቢው ጠባብ ስለሆነ ፒክአፑ የሚያድረው ከበር ውጭ ነው። መፍቻውን ሊያገባ ሲል ዓይኑ ብሎኑ ላይ ቀረ። ዙሪያውን ተነክሷል። የፒንሳ ጥርስ ነው! እሱ ብሎን በልኩ መፍቻ እንጂ በፒንሳ ነክቶ አያውቅም።

ቀና አለ። ደጃፉ ላይ የባለችግኟ አባት የወንበር እግር ያጠብቃሉ። በፒንሳ።

ዕድሜ ልካቸውን ሹፌር ነበሩ። ቅጠል ባዩ ቁጥር እግራቸው ፍሬን ላይ ስለሚያርፍ ጋሼ ፍሬን ይሏቸዋል። ለበሩም፣ ለወንበሩም፣ ለቧንቧውም መድኃኒታቸው ፒንሳ ነው። ልጃቸው እጇን ልትታጠብ ስትገባ ማሽላ ጠጋ አላቸው።

«ጋሼ... ይሄን ብሎን እርስዎ ነክተውት ነበር?»

የሽማግሌው እጅ ቆመ።

«ቀስ በል ልጄ፣ ትሰማለች።»

«ለምን ጋሼ?»

«እናቷ የቀረችብኝ በዝናብ መንገድ ላይ ነው። ይዟት የሄደው ሹፌር መንገዱን ማየት አልቻለም። እኔ እዚሁ በር ላይ ቆሜ፣ አሁን ትመጣለች፣ አሁን ትመጣለች እያልኩ...» ድምፃቸው ተቆረጠ። «ሰማዩ ሲጠቁር እጄ ብቻውን ይሄዳል። መጥረጊያው ካልሠራ ልጄ አትወጣም ብዬ ነው።»

«ፀሐይ ነው ብላ ወጥታ ዝናቡ መንገድ ላይ ቢይዛትስ? ቤት ያስቀሯት መስሎዎት እኮ ገደል እየሰደዷት ነው!»

ጋሼ ፍሬን ይህን አስበውት አያውቁም። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«በሞተችው ይዤሃለሁ፣ አትንገርብኝ። ከእንግዲህ እጄን ይቁረጠው! ካወቀች ዓይኔን አታይም። እኔ ከእሷ ሌላ ማን አለኝ?»

ማሽላ ወደ ብሎኑ ተመልሶ ጥርቅም አድርጎ አሰረው።

«ከእኔ አፍ አይወጣም ጋሼ።»

ሰው ይምላል፣ ፍርሃት ግን መሐላ አያውቅም። አንድ ማታ ሰማዩ ሲጠቁር የሽማግሌው እጅ ተመልሶ ሄደ። ባለችግኟ በማግስቱ በጠራ ጠዋት ወጥታ፣ ዳገቱ አናት ላይ ስትደርስ ዝናቡ እንደ ግድግዳ ተደረመሰባት። መጥረጊያውን ብትጫን የለም። መኪናዋን ያቆመችው ገደሉ አፋፍ ላይ ነው።

በነጋታው ጋራዡ ደጅ ደረሰች። ባትላሜራው ምኑንም ሳያውቅ ቀለደ።

«መጣሽ? እኛማ ማሽላ አንቺን ለማየት ሲል ሆን ብሎ ነው የሚያላላው እያልን ነው!»

እሷ አልሳቀችም። ወደ ማሽላ ዞረች።

«እውነት ነው?»

ማሽላ ደነገጠ። ሲደነግጥ ደግሞ ፊቱ ያው ነው፤ ጥርሱ ታየ።

«ገደል አፋፍ ላይ ነበርኩ እኮ! አዎ ወይም አይደለም በለኝ!»

አይደለም ሊል አፉን ከፈተ። አይደለም ካለ ግን፣ ታዲያ ማን ነው? ልትል ነው። ፒክአፑ አጠገብ የሚደርስ ሌላ እጅ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። አፉን ዘጋ።

እንባዋ መጣ።

«ማሽላ እያረረ ይስቃል ይላሉ። አንተ ግን ሰው እያሳረርክ ነው የምትስቀው! ሁለተኛ ዓይንህን እንዳላይ!»

ፒክአፑን አስነስታ ሄደች። ብሎኑን ሌላ ጋራዥ አሳሰረች። ማሽላን ምግብ አልዋጥ፣ እንቅልፍ አልወስድ አለው። ተጠልቶ መቅረቱ አንሶት፣ ያ ብሎን እየላላ ይታየዋል። እሷ መንገድ ላይ፣ ዝናቡ ከላይ፣ መጥረጊያው ደርቆ... ቃሉን ቢያፈርስ ሽማግሌውን ይገድላል፣ ዝም ቢል እሷን።

አንድ መላ ብቻ መጣለት። በየማለዳው፣ ጋራዡ ሳይከፈት፣ በሯ ድረስ እየሄደ ብሎኑን ይፈትሻል። ከላላ ያጠብቃል። ድምፁን አጥፍቶ ይመለሳል። የተባረሩበት በር ላይ እንደ ሌባ አጎንብሶ መቆም ውርደት ነው። እሱ ግን ብሎኑ እስከጠበቀ ድረስ ግድ አልነበረውም።

አንድ ማለዳ ሰማዩ እንደ ጥላሸት ጠቁሯል። ማሽላ መፍቻውን ብሎኑ ላይ እንዳሳረፈ ከበስተኋላው ኮቴ ሰማ። ጋሼ ፍሬን ኮት ደርበው፣ ፒንሳ ይዘው ቆመዋል።

«አንተ ነህ እንዴ? ምን ትሠራለህ?»

«እርስዎ የሚፈቱትን አጠብቃለሁ ጋሼ።»

«ዛሬ ብቻ ነው?»

«በየማለዳው።»

«አባራህ የለም እንዴ ልጄ?»

«እኔን ነው ያባረረችኝ። ዝናቡን አላባረረችውም።»

ያን ጊዜ የግቢው በር ተከፈተ። ባለችግኟ ናት።

«እጅ ከፍንጅ!» ብላ ጮኸች። «ልቤ አላምን ብሎኝ ነበር እኮ... በዓይኔ ባላይ አላምንም ነበር!»

ማሽላ አቀረቀረ። መፍቻው እጁ ላይ ነው። የሽማግሌው ፒንሳ ከጀርባቸው ተደብቋል። ዝም ቢሉ ነገሩ እዚያው ሊቀበር ነው።

«አባዬ፣ አንተ ነህ የያዝከው? ጎሽ የኔ አባት!»

ጎሽ የሚለውን ቃል ጋሼ ፍሬን አልቻሉትም። ፒንሳውን ከጀርባቸው አወጡ።

«ጎሽ አትበይኝ ልጄ። የምፈታው እኔ ነኝ። እሱ የሚያስረው ነው።»

ሁሉንም ነገሯት። የእናቷን መንገድ፣ በር ላይ ቆመው የጠበቁትን፣ ልጁን በሞተችው ይዘው ዝም ያሰኙትን። ባለችግኟ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

«ልትገድለኝ ነበር እኮ አባዬ!»

«እንዳትሞቺብኝ ብዬ ነበር...»

እንባዋን እየጠረገች ወደ ማሽላ ዞረች።

«አንተስ? ነፍሴን በብሎን አንጠልጥለህ ዝም?»

«በየማለዳው እየመጣሁ...»

«አንድ ማለዳ ባትደርስስ?»

ማሽላ መፍቻውን ኮፈኑ ላይ አስቀመጠ።

«አጥፍቻለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ያን ቀን ልነግርሽ ይገባ ነበር። አባትሽን የማሳጣሽ መሰለኝ። አንቺን ደግሞ... አንቺን እኔው ልጣ ብዬ ነው። እወድሻለሁ፣ ምን ላድርግ?»

ባለችግኟ ማሽላን አየች፣ አባቷን አየች። ሁለቱም እንደተቆጡት ተማሪ አቀርቅረዋል። ሳቋ ከእንባዋ ጋር አብሮ መጣ። ተነስታ ፒንሳውን ከአባቷ እጅ ወሰደች።

«ብሎኑ ጠብቋል?»

«ጠብቋል።»

«ግቡ እንግዲህ። ሁለታችሁም! ደንበኛዬ ችግኝ እየጠበቀ ነው።»

ዝናቡ ጀመረ። ሦስቱ ከፊት ተጣብበው ተቀመጡ፣ ጋሼ ፍሬን መሃል። ዓይናቸውን ጨፍነው የማሽላን ክንድ ጨበጡ።

«ፍሬን! ፍሬን ያዢ!»

«አባዬ፣ ገና ሞተሩን አላስነሳሁም!»

ቀስ እያለች ነዳች። መጥረጊያዎቹ ወዲህ... ወዲያ... ይላሉ። ዳገቱ አናት ላይ ሲደርሱ ሽማግሌው አንድ ዓይናቸውን ገለጡ፤ ቀጥሎም ሌላውን። ከመስታወቱ ወዲያ መንገዱ ተዘርግቷል፣ ዳሩም መሃሉም።

«ይታያል ለካ» አሉ፣ ጉንጫቸው ርሶ። «መንገዱ ይታያል ለካ ልጄ።»

ችግኞቹን አራግፈው ሲጨርሱ ባለችግኟ ማሽላን ጠራችው።

«ከነገ ጀምሮ በየማለዳው አትምጣ።»

ማሽላ ክው አለ።

«አልተቆጣሁህም እኮ! ለምን ትመላለሳለህ? እዚያው እኛ ቤት ኑር። ከእኔ ጋር።»

ጋሼ ፍሬን ቶሎ ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዞሩ። «እኔ ምንም አልሰማሁም!» አሉ። ማሽላ ግን ምላሱ ተሳስሮ ቀረ። ሽማግሌው ትንሽ ጠበቁ፣ ትንሽ ደግሞ ጠበቁ፣ አልቻሉም።

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ መልስ ስጣት! በኔ ፍሬን ነው እንዴ የምትሄደው?»

«እሺ!» አለ ማሽላ። «እሺ የኔ ፍቅር... እሺ!»

ዝናቡ ሳያባራ፣ ክረምቱ ሳይወጣ ተጋቡ። ከሠርጉ ወደ ቤታቸው በፒክአፑ የወሰዷቸው ጋሼ ፍሬን ናቸው። መሪውን ራሳቸው ይዘው፣ ዓይናቸውን ገልጠው፣ በዝናብ ነዱ።